የስፖንጅ ድንጋይ

ትርሲት ጠዋት ጠዋት ፊቷን ታጥባ ለመስታወቱ ትስቃለች። ካልሳቀች ሻይ ማፍያው አይግልላትም። የቤቱም ድምፅ «ዛሬ ትንሽ ከበድ ብሎሻል መሰለኝ፣ አብረን እንተንፍስ» እያለች ትነዘንዛታለች። ድምፅዋ እፎይታ ትባላለች። በሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት ዓ.ም. አዳማ ላይ፣ ከባል ዱላ ሸሽተው ለወጡ ሴቶች የሚሰጠው ልዩ የአእምሮ ጤና ድጋፍ እፎይታ ናት። ሌላ የለም።

ትርሲት በሳቅ ፈተና ወድቃ አታውቅም። የወደቀች ሴት መኖሯንም እጠራጠራለሁ። ባል ከውጭ ሲገባ የቁልፉን አዟዟር ሰምቶ ፊትን ማስተካከል ትልቅ ሙያ ነው፤ ትርሲት አሥራ አንድ ዓመት ሠልጥናበታለች። እንዲህ ያለችን ሴት መስታወት ያጋልጣታል ብሎ ማሰብ የቢሮ ሰው ሐሳብ ነው። ቢሮው ግን ውጤቱን አይቶ በደስታ ሰከረ። በአገሪቱ ካሉ ታካሚዎች ሁሉ ፈጥነው የሚድኑት በቤታቸው ሲደበደቡ የኖሩ ሴቶች ናቸው ብሎ ባለቀለም ሥዕላዊ መግለጫ አወጣ፤ የተከበሩ እንግዶች በተገኙበትም አስመረቀው።

በአያቶቻችን ዘመን ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ሴትዮዋ ትናገራለች፣ ባለሙያዋ ታዳምጣለች። ሴትዮዋ ዝም ስትል ባለሙያዋም አብራት ዝም ትላለች። ጉድ ያመጣባቸው ይኸው ዝምታ ነው። በአንድ ግምገማ ላይ «እነዚህ ባለሙያዎች የሥራ ሰዓታቸውን ዝም ብለው ነው እንዴ የሚያሳልፉት?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፣ ተጨበጨበ፣ በዓመቱ ሁሉም ተሰናበቱ። እፎይታ ዝም አትልም። ስትተኚ እንኳ የወንዝ ድምፅ ታሰማሻለች።

የአገልግሎቱ መሪ ቃል «መዳን መመለስ ነው» የሚል ነው። በየሊፍቱና በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ወደ ማን መመለስ እንደሆነ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም።

ትርሲት የምትኖርበትን ቤት የሚያውቅ ሰው የለም። ድጋፉ ውስጥ እስካለች ድረስ አድራሻዋ ዝግ ነው፤ አገልግሎቱን ታግሣ የምትኖረውም ለዚሁ ብላ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቤት ቀይራ ባሏ ናሁሰናይ ሁለቱንም ጊዜ አግኝቷታል። አንዴ በአክስቷ ልጅ በኩል፣ አንዴ ደግሞ ፎቶዋን ይዞ «ሚስቴ አእምሮዋን ታማ ጠፋችብኝ» እያለ በየሱቁ በማልቀስ። እንባው ያላራራው ሰው አልነበረም። አንዱ ባለሱቅ ራሱ ነው እጁን ይዞ እስከ በሯ ያደረሰው። ያን ዕለት ናሁሰናይ የግራ እጇን አንጓ ሰበረው። አሁን ያለችበት ክፍል ጠባብ ነው፣ ቧንቧውም ያንጠባጥባል፤ ነገር ግን በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ነው። ለእሷ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዷ ሳቀች፤ መስታወቱ በወርቃማ ቀለም አበራ።

«እንኳን ደስ አለሽ ትርሲት! አገግመሻል!»

«ምን ሆኜ?»

«ፈገግታሽ ለስድስት ወር አልተዛነፈም። ማክሰኞ ጠዋት ዕርቅሽ ነው። ናሁሰናይም ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾልናል።»

የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ፊቷ ግን ሳቁን አልለቀቀም።

«እምቢ ብልስ?» አለች።

«ስሜትሽን እሰማለሁ። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ድጋፉን ያቋረጠች ሴት ታካሚያችን ስላልሆነች አድራሻዋ ለቤተሰብ ይከፈታል።»

«ከታረቅኩስ?»

«የታረቀች ሴት የምትደበቅበት ምክንያት ስለሌለ አድራሻዋ ለቤተሰብ ይከፈታል።»

ትርሲት ትንሽ አሰበች። «እሱ ቢያቋርጠውስ?»

«እሱ ካቋረጠ አድራሻሽ ለዘለቄታው ይዘጋል። ግን ምንም አታስቢ፤ እስከ ዛሬ ያቋረጠ ወንድ የለም። በጣም ምቹ አድርገንላቸዋል። አሁን አብረን እንተንፍስ?»

አብረው ተነፈሱ።

የዕርቅ ማዕከሉ ከከተማው ዳር ነው። ግቢው መሐል ላይ አንድ የመሠረት ድንጋይ አለ። «በዚህ ቦታ ለሚገነባው የሴቶች ልዩ የአእምሮ ጤና ሆስፒታል የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ» ይላል። ሆስፒታሉ አልተገነባም። ድንጋዩን ያስቀመጡት ባለሥልጣን ተሹመው፣ ተሽረው፣ ሞተው፣ መንገድ በስማቸው ተሰይሞ መንገዱም ፈርሷል። ድንጋዩ ግን አለ። ዘበኛው ምሳውን ያስቀምጥበታል።

የወንዶቹ ማረፊያ ሶፋና የማንጎ ጭማቂ አለው። እዚያ ሲገቡ ከመደርደሪያ ላይ ድንጋያቸውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ድንጋይ ትንሽ ልንገራችሁ። በጥንቱ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የተበደለው ድንጋዩን ካነሣለት ይቅር አለው ማለት ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩ ድንጋይ ነበር። በኋላ አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው አንገቴ ተቀጨ ብሎ ከሰሰ። የበዳዮች ደኅንነት መመሪያ ወጣ፤ «በዳይ» የሚለው ቃልም ቅር ስላሰኘ «የዕርቅ ደንበኛ» ተባለ። ድንጋዩ መጀመሪያ እንጨት ሆነ፤ አሁን ስፖንጅ ነው። በግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ እውነተኛ እንዲመስል ጎኑ ላይ የድንጋይ ሽበት ተሥሎበታል። እጅ ማስቸገር ስለሌለበት ከአንገት ጋር የሚያያዝበት ማሰሪያም አለው። ደንበኞቹ ተሸክመውት ፎቶ ይነሣሉ፤ አንዳንዱ ለእናቱ ይልካል።

በሴቶቹ በኩል አግዳሚ ወንበርና ዙሪያውን የሚቃኝ መስታወት አለ። ትርሲት ሐያት አጠገብ ተቀመጠች። ሐያት ከእሷ በዕድሜ ታንሳለች፤ የሚተዋወቁት በየወሩ ለሳቅ እድሳት ሲመጡ ነው። ስለ ጫማ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ዋጋ መናር ያወራሉ። «የት ነው የምትኖሪው?» የሚባል ጥያቄ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነውር ነው። ጫማውን ከየት ገዛሽው ብሎ መጠየቅ እንኳ፣ ሱቁ ሰፈርን ስለሚያሳብቅ፣ ብዙም አይወደድም።

«ትርሲትዬ፣ ያንቺው መጣ እንዴ?» አለች ሐያት በሹክሹክታ።

«መጥቷል። ሽቶው ሸተተኝ።»

«የኔውም እዚያ ጭማቂ ይጠጣል። ሁለተኛ ብርጭቆው ነው። ምን ልትይ ነው?»

«እኔ እንጃ። አንቺስ?»

«ምን እላለሁ? አውፍ፣ ይቅር ብያለሁ እላለኋ። ከዛ ልብሴን ይዤ ወደማላውቀው አገር እጠፋለሁ። ሁለት ልጅ ታቅፎ መጥፋት ከተቻለ።» መስታወቱ ወደ እሷ ዞር ሲል ሐያት ፈገግ አለች፤ ሲያልፍ ፊቷ ተመለሰ።

ትርሲት ተጠራች።

ዕርቁን የሚመሩት ሦስት አባቶች ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጢማቸው ያምራል፣ ሰዎች ግን አይደሉም። የአገሪቱ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን ያስታረቁበት ቃል ሁሉ ተሰብስቦ ተሞልቶባቸዋል። ከጎናቸው የሂደቱ አስተባባሪ አቶ ልሳነወርቅ ክራቫት አስረው ቆመዋል። እሳቸው ሰው ናቸው። ተራ የሚጠብቁት እንዲማሩበት ዕርቁ የሚካሄደው በር ተከፍቶ ነው።

«ተይ ልጄ» ብሎ ጀመረ አንደኛው አባት። «ግጭት የሌለበት ትዳር የት አለ?»

«መሐላችሁ ሰይጣን ገብቶ ነው» አለ ሁለተኛው።

«እሱም ተጸጽቷል፣ አንቺም ቻል አድርጊው» አለ ሦስተኛው። ይህን ቃል በዚያ ጠዋት ለስምንተኛ ሴት መናገሩ ነው፤ ድምፁ ግን አልሻከረም።

ናሁሰናይ ገባ። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ታስሯል፣ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሽንጡን በመጠኑ ሰበር አደረገና «ማሪኝ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። ትርሲት ይህን ፈገግታ ታውቀዋለች። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቃለች። የተሰበረው አንጓዋ ያኔውኑ ጠዘጠዛት።

«አንሺለት ልጄ» አሉ አባቶቹ።

ሄዳ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። ይከብዳል ብላ እጇን አጠንክራ ስለነበር ከማጅራቱ ተመንጭቆ ግንባሯን ሊመታት ደረሰ። ጨመቀችው፤ እፍኝ አከለ። ለቀቀችው፤ ተመልሶ ድንጋይ ሆነ። ያን ጊዜ ንዴት ያዛት። ለብዙ ዓመታት ከንዴቷ በፊት ፍርሃቷ እየቀደመ አፏን ሲዘጋው ኖሯል። ዛሬ ንዴቷ ቀደመ።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«በባህላችን በዳይ የሚሸከመው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነዋ» አሉ ሦስቱም።

«ይኼ ድንጋይ ነው?» አለችና ስፖንጁን አንደኛው አባት ጭን ላይ አስቀመጠችው።

አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመመሪያው መሠረት ድንጋይ ነው።»

እዚህ ላይ የአባቶቹ ሠሪዎች የፈጸሙትን ስሕተት መናገር አለብኝ። ሴቶቹ ሕግና መመሪያ እየጠቀሱ ሂደቱን እንዳያጓትቱ ብለው ከሁሉም በላይ አንድ ትእዛዝ አስገብተዋል። በባህል ላይ ይግባኝ የለም፤ መመሪያም ቢሆን ከባህል በታች ነው። ባህልን ጠቅሶ የሚናገር ወንድ ብቻ ነው ብለው አስበው ነበር፤ እስከዚያ ጠዋት ድረስም አልተሳሳቱም።

አንደኛው አባት ስፖንጁን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ድንጋይ አይደለም» አለ።

«ፍራሽ ነው» አለ ሁለተኛው።

«እንግዲያው ዕርቁ አልተጀመረም። ድንጋይ ይምጣ» አለ ሦስተኛው።

«እንዴ አባቶች!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ኧረ በዚህ ከተማ ድንጋይ የት ይገኛል? ምድሩ ሁሉ ተለብጦ!»

«ግቢው ውስጥ አለ!» አለች ሐያት ከበሩ።

ሴቶቹ ግር ብለው ወጡ። ዘበኛው የምሳ ሣህኑን ለማንሣት ብቻ ነው የደረሰው። የመሠረት ድንጋዩ ሲነቀል ይታገላል ተብሎ ነበር፤ ሲሚንቶው ለካሜራ ብቻ የተለሰነ ኖሮ በመጀመሪያው ጉተታ እጃቸው ላይ ወደቀ። ለአራት ተሸክመውት ገቡ። እያለከለኩ፣ እየተሳሳቁ። የአዳራሹ መስታወት ይህን ሳቅ ሊመዘግበው ቢሞክርም አላወቀውም። ድንጋዩን ናሁሰናይ እግር ሥር ዱብ አደረጉት።

«ልጄ፣ ጎንበስ በል» አለ አንደኛው አባት።

ናሁሰናይ ሳቀ። «ቀልዱን ተዉት እንጂ አባቴ።»

«ጎንበስ በል።»

«እኔ ወገቤን ያመኛል።»

«እኔ እጄን ያመኛል» አለች ትርሲት።

ዞር አለ። ሽቶው፣ ጭማቂው፣ ፀፀቱ በአንድ ጊዜ ከፊቱ ላይ ረገፉ። «አንቺ! ማን አስተምሮሽ ነው? ምላስ አወጣሽ? ቆይ፣ ቤት እንገናኛለን!»

«ቤት እንገናኛለን» የምትለዋን ቃል እዚያ ያልተነገራት ሴት የለችም። ናሁሰናይም ያለው ነገር የተሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። እጁ ተነሥቶ ነበር። ትርሲት ፈራች። ክንዶቿ በራሳቸው ጭንቅላቷን ሊሸፍኑ ግማሽ መንገድ ወጥተው ነበር፤ እዚያው አቆመቻቸው።

«ተሸከም» አለችው። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ተሰማ ግን።

«ለሴት ድንጋይ አልሸከምም!» ብሎ ስፖንጁን ከአንደኛው አባት ጭን ላይ መንጭቆ ጣለና በእርግጫ መታው። ስፖንጁ ጣሪያ ነክቶ አቶ ልሳነወርቅ ትከሻ ላይ አረፈ፤ አልተጎዱም። ናሁሰናይ በሩን ወርውሮ ወጣ።

ከጣሪያው የእፎይታ ድምፅ ተሰማ። «የዕርቅ ደንበኛው ሂደቱን በራሱ ፈቃድ አቋርጧል። የወይዘሮ ትርሲት አድራሻ ለዘለቄታው ተዘግቷል። ስለ አገልግሎታችን ያለዎትን አስተያየት ይስጡን።»

ትርሲት አስተያየት አልሰጠችም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ንፍጧ እየወረደ፣ እንደ ልጅ። ስድስት ወር ሙሉ ያጠራቀመችው ነው። እፎይታ «አብረን እንተንፍስ» ብላ ስትጀምር አንዷ ሴት ወንበር ላይ ወጥታ ነጠላዋን ድምፅ ማውጫው ላይ ጠቀጠቀችበት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላላትም። ሐያት አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

ተራው የሐያት ነበር። አስተናጋጁ ባሏን ሊጠራ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ጭማቂው በግማሽ ቀርቷል፣ ሶፋው ገና ይሞቃል፣ ሰውየው ግን የለም። የተቀሩትም አንዱ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ፣ ሌላው መኪናዬን ልይ ብሎ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ስፖንጁን ማጅራቱ ላይ እንዳሰረ በአጥር ዘሎ ሄዷል። ከምሳ በፊት የወንዶቹ ማረፊያ ባዶ ሆነ፤ የአድራሻ መዘጋት ማስታወቂያም ከነጠላው ሥር እየታፈነ በተከታታይ ሲነገር ዋለ።

ቢሮው ዝም አላለም። በሳምንቱ በሰጠው መግለጫ የተከሰተው «የድንጋይ አቅርቦት ክፍተት» መሆኑን አስታወቀ። እውነተኛ ሆኖ ቀላል የሆነ፣ ባህልንም ወገብንም የማይጎዳ ድንጋይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚያፈላልግ ኮሚቴ ተቋቁሞ ወደ መስክ ወጥቷል። ሲያገኝ ሁሉም እንደ ነበረ ይቀጥላል። የመሠረት ድንጋዩም ወደ ቦታው ተመልሶ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ በቦታው የተገኙ እንግዶች አጨብጭበዋል።

ያን ዕለት ግን ሐያትና ትርሲት ከግቢው አብረው ወጡ። የማዕከሉ ሴቶች በሩ ላይ ሲደርሱ፣ አንዷ የሌላዋን መንገድ እንዳታይ፣ ቻው ተባብለው ወዲያና ወዲህ ይለያሉ። ሐያት እንደ ደንቡ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ መሄድ ጀመረች።

«ሐያት» አለች ትርሲት።

«ወዬ።»

ትርሲት መንገዱን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደማታውቀው ቋንቋ እየፈለገች፣ ተናገረች።

«ከድሮው ባቡር ጣቢያ ዝቅ ስትይ አንድ ጎማ ቤት አለ። በጎማ ቤቱ ጀርባ ቢጫ ሕንፃ ታያለሽ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ፣ የመጨረሻው በር። እዚያ ነው የምኖረው።»

ሐያት አፏን ይዛ ቆመች። «ለምንድን ነው የምትነግሪኝ?»

«ሰው እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነዋ። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ወንበርም አንድ ነው ያለኝ። ብቻ ነይ። ስታንኳኪ ግን ስምሽን ተናገሪ። ዝም ብሎ በር ሲንኳኳ ልቤ ይቆማል።»

«እኔ አላንኳኳም» አለች ሐያት። «ሐያት ነኝ፣ ሐያት ነኝ እያልኩ ነው ከታች ከደረጃው ጀምሬ የምመጣው።»